ረዳቱ ሲያዛጋ ታክሲው በሙሉ ያዛጋል፤ ሕፃኑ ግን ለምን አላዛጋም?

የአስኮው ሹፌር | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ከአስኮ ፒያሳ የምሠራ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ጥያቄዬ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል፤ እኔን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከርሟል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ጭነት ስይዝ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ብርዱ አይጣል ነው፤ መስኮት የሚከፍት የለም። ረዳቴ በሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ዝርዝር ብር እየቆጠረ በሰፊው ያዛጋል። ያኔ በስፖኪዮ እመለከታለሁ። መጀመሪያ ከፊቱ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ እናት፣ ቀጥሎ ከአዳር የሚመለሰው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከዚያ ኋላ ወንበር ያሉት ተማሪዎች። አንዱ አፉን ሳይዘጋ ሌላው ይቀበለዋል። ይሄን ስጽፍ እንኳ ሁለቴ አዛግቻለሁ።

ጋቢና የምትቀመጥ አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ልጇን ሕፃናት ማቆያ አድርሳ ሥራ የምትገባ ናት። ልጁ ሦስት ዓመት አልፎታል መሰለኝ። እቅፏ ውስጥ ሆኖ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሰዎቹን ያያል፤ ዓይኑን ከረዳቴ አፍ ላይ አይነቅልም። ግን አያዛጋም። እናቱ ፊቱ ላይ ስታዛጋ እንኳ ዝም ብሎ ያያታል። ስድስት ቀን በተከታታይ ተከታተልኩት፤ አንድም ቀን አልተጋባበትም። ማዛጋት አቅቶት ደግሞ አይደለም፤ እንቅልፍ ሲመጣበት እንደማንኛውም ሕፃን ያዛጋል።

ማዛጋት ለምንድን ነው የሚጋባው? ይሄን ልጅስ ለምን ይዘለዋል? የምታውቁ አስረዱኝ።

የጉለሌ ልጅ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡31

ርእሱን አንብቤ ሳልጨርስ አዛጋሁ። ማየት ብቻ ሳይሆን ማንበብም ያጋባል ማለት ነው?

ቢንያም 77 | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡50

መስኮቱ ስለተዘጋ ነው ወንድሜ። 12 ሰው በጠባብ ቦታ ሲተነፍስ ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነት አየር ለመሳብ ያዛጋል። ሕፃኑ ሳንባው ትንሽ ስለሆነ ብዙ አየር አያስፈልገውም። ለሁሉም መስኮት ክፈትላቸው።

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡05

ነርስ ነኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተረኞች ክፍል ውስጥ አንዳችን ስናዛጋ ሁላችንም እንከተላለን፤ ስለዚህ ሹፌሩ ያየውን ነገር አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ቢንያም፣ የኦክስጅኑን ነገር እኔም ትምህርት ቤት እንደዚያው ነበር የተማርኩት። ግን ተፈትኖ ወድቋል። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ንጹሕ ኦክስጅን አስተንፍሶ የሚያዛጉትን ቆጠረ፤ አልቀነሰም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ሰጣቸው፤ ትንፋሻቸው ፈጠነ እንጂ ማዛጋታቸው አልጨመረም። ስፖርት አሠራቸው፤ አሁንም ያው። ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን ያሳመነኝ ደግሞ አልትራሳውንድ ላይ የሚታየው ነው። ፅንስ በሦስተኛው ወር ገደማ ማኅፀን ውስጥ ሆኖ ያዛጋል። እዚያ የሚሳብ አየር የለም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ማዛጋት አለ። አንዱ በራሱ የሚመጣው ነው፤ ሲመሽ፣ ስንነቃ፣ ሲሰለቸን። ይሄ ከማኅፀን ጀምሮ አብሮን አለ። ሌላው ከሰው የሚጋባው ነው። ይሄኛው አብሮን አይወለድም። በልጆች ላይ በደንብ የሚታየው አራት ወይም አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ጤነኛ ነው፤ ጊዜው አልደረሰም እንጂ። እናቱ ካየችው ነገር ተነስታ ሰግታ ከሆነ ይሄን ንገርልኝ።

የጉለሌ ልጅ፣ አዎ፣ ማንበብም ያጋባል። ፕሮቫይን ራሱ አረጋግጦታል። ስለ ማዛጋት ማሰብ ብቻውን ይበቃል።

የአስኮው ሹፌር | ኅዳር 10፣ ከሌሊቱ 10፡40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ሥራ ከመውጣቴ በፊት ነው ያነበብኩት። አብሮን የማይወለድ ነገር መሆኑን በፍጹም አልገመትኩም ነበር።

ባዮሎጂ 11ኛ ክፍል | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 9፡20

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በራሱ የሚመጣው ማዛጋት ለምን ይጠቅማል ለሚለው አሁን ብዙ ክርክር ያለበት ሐሳብ አንጎልን ማቀዝቀዝ ነው። አንድሩ ጋለፕ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይዞት የመጣ ነው። ስናዛጋ መንጋጋችን በኃይል ይለጠጣል፣ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ቀዝቃዛ አየርም በብዛት እንስባለን። አንጎል ደግሞ ሲሞቅ ይፈዛል። ጋለፕ ሰዎችን ግንባራቸው ላይ ቀዝቃዛ ነገር አስይዞ ሌሎች ሲያዛጉ የሚያሳይ ፊልም አሳያቸው። ቀዝቃዛ ከያዙት ያዛጉት 9 በመቶ ሲሆኑ፣ ሞቅ ያለ ወይም እንደ ክፍሉ አየር የሆነ ከያዙት 41 በመቶ አዛጉ። አፋቸውን ዘግተው በአፍንጫቸው ብቻ የተነፈሱት ደግሞ ጭራሽ አላዛጉም።

አሪዞና ውስጥ መንገደኞች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት በብርዱ ወራት 45 በመቶ፣ በሙቀቱ ወራት 24 በመቶ ሰው ነው ያዛጋው። የውጭው አየር ከሰውነት ሙቀት ጋር ሲቀራረብ ማቀዝቀዝ ስለማይችል ማዛጋቱ አይጠቅምም ማለት ነው። ሁሉም ሳይንቲስት ግን አልተቀበለውም። የሙቀት ለውጡ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነው ለማለት አይበቃም የሚሉ አሉ። እኔ በግሌ ከኦክስጅኑ ይልቅ ይሄኛው ሚዛን ይደፋብኛል። በእንስሳት ላይም አንጎሉ ትልቅ የሆነ ረዘም አድርጎ ያዛጋል፤ አይጥ ቅጽበት ታህል፣ ዝሆን ግን ስድስት ሰከንድ ያህል። የሰውም ስድስት ሰከንድ ገደማ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልናዘዝ። ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ተማሪ ሲያዛጋ የሰደበኝ ይመስለኝ ነበር። አስወጥቼ ውጭ ያቆምኳቸው ልጆች ብዙ ናቸው። አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የፈተና ወረቀት እያደልኩ ሳለ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አዛጋ፤ በሁሉም ፊት «ሌሊት የት አድረህ ነው?» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ቆይቼ ስረዳ ሰው በጣም ሲጨነቅም ያዛጋል፤ ዣንጥላ ይዘው ከአውሮፕላን የሚዘሉ ወታደሮች ከመዝለላቸው በፊት ያዛጋሉ፣ ሯጮች መነሻው መስመር ላይ ቆመው ያዛጋሉ። ያ ልጅ ፈተናውን ፈርቶ ነበር። አሁን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

የቡና ቁርስ | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 10፡02

ስለ ማዛጋት እየተወራ ቡና እንዴት ይዘለላል? እናቴ አቦሏን ጠዋት ካልጠጣች ሰባት ሰዓት ላይ ማዛጋት ትጀምራለች። ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ሰው ሲያናግራት መልስ አትሰጥም። ቀጥሎ ሻሿን ፈትታ ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። «ሐራራዬ ነው፤ አንድ ሲኒ ካላገኘሁ አልድንም» ትላለች። ጀበናው ገና ሲንፈቀፈቅ፣ ሳትቀምሰው፣ ፊቷ ይፈታል። ይሄስ ከየት የመጣ ነው?

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡30

ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ማረፊያ ቦታው ላይ ሲያርፍ «ድከም፣ ተኛ» ይለናል። የቡናው ካፌይን ያንን ማረፊያ ቀድሞ ይይዝበታል። ለዓመታት በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው አንጎል ደግሞ በምላሹ ማረፊያዎቹን ያበዛል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር አዴኖሲኑ ያንን ሁሉ ቦታ ባዶ ያገኘዋል፤ ድካሙና ማዛጋቱ በአንዴ ይወርዳል። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮችም ያጠባል። ሲቀር ይሰፋሉ፤ ራስ ምታቱ ከዚያ ነው። እናትሽ ሻሹን ማጥበቃቸው አለነገር አይደለም።

የመጨረሻው ሲኒ ከተጠጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይብሳል፣ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። በጾም ሰሞን ሰው ረሃብ ነው ብሎ የሚያስበው ራስ ምታት ብዙ ጊዜ የቡናው ነው። ከሁዳዴ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ሲኒውን ቀስ በቀስ ቢቀንሱ በጣም ይቀላቸዋል። ሲኒው ሳይቀመስ ፊታቸው መፈታቱ ግን የካፌይን ሥራ ሊሆን አይችልም፤ ሽታውና ልማዱ ነው። በዚህ ላይ የሰው ጨዋታም አለበት።

ከሐይፋ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡55

እውነት ነው። እዚህ እስራኤል ለዮም ኪፑር፣ ለአይሁድ የስርየት ቀን፣ 25 ሰዓት ስንጾም ከሰዓት በኋላ ምኩራቡ ውስጥ አዛውንቶቹ በተራ ነው የሚያዛጉት። እኔ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መቀነስ ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን አያመኝም።

የመንዟ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3፡44

ሁላችሁም ስለ ሳይንሱ ተናገራችሁ። እኔ ሌላውን ልጻፍ።

እኛ አገር ሰው ደጋግሞ ሲያፋሽግ «ዓይን ወጋው» ይባላል። አያቴ ባፋሸገች ቁጥር አፏ ላይ ታማትብ ነበር። ለእሷ ይሄ እምነቷ ነው፤ አከብረዋለሁ። እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጾም ይዤ ሳስቀድስ፣ እግሬ እስኪዝል ከቆምኩ በኋላ፣ ማፋሸግ ጀመርኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ላብ አሰመጠኝ፣ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ስነቃ ጤና አዳም አፍንጫዬ ላይ ይዘዋል፤ የሰፈር ሴቶች ከበውኛል። «ማን በላሽ? ተናገሪ!» ይሉኛል። እኔ የምናገረው አልነበረኝም። ከመካከላቸው አንዷ የሸክላ ሠሪዋን ጎረቤታችንን ስም ጠራች። ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ» ብለው ሰላም ብለውኝ ነበር። ይሄው በቃ፤ ማስረጃው እሱ ሆነ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ከእሳቸው ምጣድ መግዛት አቆመች። ጎረቤቱም አቆመ። ገበያ ሲወጡ ልጆች ከኋላቸው ይጮኹ ነበር። እኔም ከጮኹት አንዷ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ ተባለ፤ ቤታቸው ሲፈርስ የተሰባበረ ጀበና ጓሮው ውስጥ ተከምሮ አየሁ።

ነርሷ እህቴ፣ ያን ቀን ምን ሆኜ ነበር? ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 11፣ ከሌሊቱ 7፡10

እህቴ፣ ሳላይሽ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ግን የጻፍሽው ሁሉ፣ ባዶ ሆድ፣ ለረጅም ሰዓት መቆም፣ ደጋግሞ ማዛጋት፣ የጆሮ ጭውታ፣ ላብ፣ የዓይን መጨለም፣ ከዚያ መውደቅ፣ የደም ግፊት በድንገት ሲወርድ የሚመጣ ራስን መሳት ነው የሚመስለው። ስንቆም ደም ወደ እግራችን ይወርዳል። በቂ ሆኖ ወደ አንጎል ካልተመለሰ ሰውነት ያስጠነቅቃል፤ ማዛጋት ከማስጠንቀቂያዎቹ አንዱ ነው። ሰው ሲወድቅ ደሙ ወደ ጭንቅላት ስለሚመለስ ራሱ ይነቃል። ጤና አዳሙ ባይኖርም ትነቂ ነበር። በልጅነት ዕድሜ የደም ማነስም ካለ ይብሳል።

ለሁሉም አንባቢ፦ አንድ ሰው ቆሞ ሳለ ደጋግሞ አዛግቶ ፊቱ ከነጣ ወዲያው አስተኙትና እግሩን ከፍ አድርጉለት። አትክበቡት።

እኚያ እናት ምንም አላደረጉሽም።

የመንዟ | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 1፡25

ደጋግሜ አነበብኩት። የእሳቸው ልጅ ደብረ ብርሃን እንዳለች ሰምቻለሁ። ስልኳን አፈላልጋለሁ።

የደሴው | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ማዛጋት ከሸይጣን ነው፣ የመጣበት ሰው የቻለውን ያህል ይመልሰው ተብሏል። አባቴ ማዛጋት ሲመጣበት ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ይተነፍስ ነበር፤ እኛንም እንደዚያ ነው ያስለመደን። መምህሩ በአፍንጫ የተነፈሱት አላዛጉም ሲል ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ነፍሱን ይማር።

ደባርቅ 3000 | ኅዳር 11፣ ከቀኑ 6፡18

ሰሜን ተራሮች ላይ አስጎብኚ ነኝ። ጭላዳ ዝንጀሮን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም የለም። ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ቅማል ሲቀማመሉ አንዷ እናት ታዛጋለች። አጠገቧ ያለችውም ታዛጋለች። እኔ መጀመሪያ ሁለቱም እንቅልፍ አልለቀቃቸውም ብዬ ነበር የማስበው። አንዲት እንግዳ ናት ኤሊዛቤታ ፓላጂ የተባለች ጣሊያናዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በጭላዳ ላይ ያሳተሙት ጥናት እንዳለ የነገረችኝ። ጀርመን ባለ የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ ያሉ ጭላዳዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 አወጡት። ማዛጋት በጭላዳዎችም ላይ ይጋባል፤ በተለይ በሴቶቹ። ይበልጥ የሚጋባውም አዘውትረው በሚቀማመሉት መካከል ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መሀል ቆም ብዬ አያለሁ። ትልቁ ወንድ ሌላ ወንድ ሲጠጋው ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን እያሳየ የሚያዛጋበት ጊዜ አለ፤ ያ የድካም አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው። ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ሆነው የሚያደርጉት ግን ለስለስ ያለ ነው፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ጥርሳቸውን ሸፍነው። አሁን ሁለቱን ከሩቅ እለያቸዋለሁ። ያ ባለ ቀይ ደረት እንስሳ ሣር እየነጨ የሚውል ነው፤ ግን አብሮት ከሚውለው ጋር አብሮ ያዛጋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 4፡50

ከአሜሪካ ነው። የጭላዳው ነገር አስለቀሰኝ። እናቴ ጋ በቪዲዮ የምንነጋገረው እሷ ልትተኛ ስትል ነው፤ እኔ ጋ ገና ቀን ነው፣ እንቅልፍ የሚባል በአጠገቤ የለም። ግን እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታዛጋ እኔም ወዲያው አዛጋለሁ። ቢሮ ውስጥ ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ሴት ቀኑን ሙሉ ስታዛጋ ትውላለች፤ ምንም አይሰማኝም። ባሕር ተሻግሮ የሚጋባ ነገር ጠረጴዛ እንዴት መሻገር ያቅተዋል?

ባዮሎጂ 11ኛ ክፍል | ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 2፡15

የሚገርም ነው፣ ልክ ይሄን የሚል ጥናት አለ። ያችው ፓላጂ ከኢቫን ኖርሻ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2011 ሰዎችን በዕለት ኑሯቸው ተከታተለች። ማዛጋት ከሁሉ የበለጠ የሚጋባው በቤተ ዘመድ መካከል ነው፤ ቀጥሎ በጓደኛሞች፣ ከዚያ በትውውቅ ብቻ ባሉ ሰዎች፣ በመጨረሻ በማይተዋወቁት። የሌላውን ስሜት የመጋራት ምልክት ነው የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

ካላየሁ አላምንም | ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 4፡40

መምህር፣ በአክብሮት ልቃወም። «የማያዛጋልህ ሰው አይወድህም» የሚል ነገር ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተሰራጭቶ ሰው ትዳሩን በዚህ ሲመዝን አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዱክ ዩኒቨርሲቲ 328 ጤነኛ ሰዎችን ለሦስት ደቂቃ የማዛጋት ፊልም አሳይቶ ነበር። 222ቱ ቢያንስ አንዴ አዛጉ። የሌላውን ስሜት የመጋራት አቅማቸው ሲለካ ከማዛጋታቸው ጋር የጎላ ግንኙነት አልተገኘም። ትንሽ የተገናኘው ዕድሜ ነው፤ ሰው በዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል፤ እሱም ቢሆን በሰዎቹ መካከል ከታየው ልዩነት 8 በመቶውን ብቻ ነው ያብራራው።

የቅርብ ሰው የሚጋባብን ምናልባት ፊቱን አዘውትረን ስለምናይ ብቻ ይሆናል። እናትሽ ስትናገር ዓይንሽ ከስልኩ አይነቀልም። የቢሮዋን ሴት ግን አታያትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 12፣ ከቀኑ 11፡05

ወንድሜ እውነትህን ሊሆን ይችላል። እናቴን ግን የማያት ስለምወዳት ነው።

የበኩሬ እናት | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡20

«ካላየሁ አላምንም» ስለ ዓይን ያነሳው ነገር ነው እንድጽፍ ያደረገኝ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። አንድ ዘመድ «ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ማዛጋት አይጋባባቸውም፤ ስሜት ስለሌላቸው ነው» ብሎ ነግሮኝ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ልጄ ስሜት እንዳለው እኔ አውቃለሁ። ስታመም ብርድ ልብሱን ጎትቶ አምጥቶ እግሬ ላይ ይጥልና ሳያየኝ ይሄዳል።

የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እውነት ነው?

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 5፡02

እናቴ፣ ዘመድሽ ግማሹን ሰምቶ ነው። መጀመሪያ የተሠሩት ጥናቶች ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ማዛጋት ብዙ አይጋባም ብለው ነበር። በኋላ የጃፓን ተመራማሪዎች ልጆቹ የሚያዛጋውን ሰው ዓይን እንዲያዩ አድርገው ሲደግሙት ከሌሎቹ ልጆች ጋር ልዩነት አልነበራቸውም። ችግሩ ፊት አለማየታቸው ነበር። ፊት ማየት ይከብዳቸዋል፤ ያላዩት ነገር ደግሞ አይጋባም። ብርድ ልብሱን የሚያመጣውን ልጅ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የበኩሬ እናት | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 5፡09

ተባረኪ።

ክራር መቺ | ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3፡33

ፊት ሳይታይም ይጋባል። አባቴ ሁለት ዓይኑ ማየት ካቆመ 20 ዓመት ሆኖታል። ሳዛጋ አፌን ሸፍኜ ድምፄን ባጠፋ ምንም አይልም። ያቺ መጨረሻ ላይ የምትወጣዋ ትንፋሽ፣ «ሃ...ህ» የምትለዋ ካመለጠችኝ ግን እሱም ይቀበላል። ከዚያ «ደክሞሃል፣ ሂድ ተኛ» ይለኛል። በጆሮው ነው የሚጋባበት።

ባዮሎጂ 11ኛ ክፍል | ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3፡58

ትክክል ነው፣ ድምፅ ብቻውን እንደሚያጋባ ተረጋግጧል። ራሳችን ስናዛጋ ደግሞ ለቅጽበት የሰው ንግግር ይርቅብናል፤ የጆሮ ውስጥ ጡንቻዎች አብረው ስለሚወጠሩ ነው። እንባውም መንጋጋችን ሲለጠጥ ፊታችን ተጨምቆ የሚወጣ ነው።

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 13፣ ከቀኑ 8፡15

ሹፌሩ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ባለፈው መልስ የጻፍክልኝ ከሌሊቱ 10፡40 ላይ ነው፤ ጥያቄውን የጻፍከው ደግሞ ከምሽቱ 2፡15። ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው? ከረዳትህ የሚጋባብህ ማዛጋት አያስፈራኝም። መንገድ ላይ ማንም ሳያዛጋ በራሱ እየመጣ ዓይንህን የሚከብድህ ከሆነ ግን ያ የእንቅልፍ ዕዳ ነው። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚረዳው።

የአስኮው ሹፌር | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡30

እውነቱን ልንገርሽ፤ አምስት ሰዓት ብተኛ ነው። ማምሻውን መኪና አስገብቼ፣ ሒሳብ አስረክቤ፣ ራት በልቼ አራት ሰዓት ይሆናል። ተኩል ላይ ብተኛ ዘጠኝ ተኩል ላይ እነሳለሁ። ባለፈው ክረምት ዊንጌት አደባባይ ላይ ዓይኔ ለቅጽበት ተከድኖ ረዳቴ ትከሻዬን መትቶ ነው ያነቃኝ። ሰው ጭኜ ነበር። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም።

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡41

ዛሬ ንገራት። እስከዚያው አንድ ዘዴ ልስጥህ፤ እኛ ሌሊት ተረኞች እንጠቀምበታለን። ረፋድ ላይ ሰው ሲቀንስ፣ ተራ ስትጠብቅ፣ አንድ ስኒ ቡና ጠጣና ወዲያው ወንበሩን አስተኝተህ 20 ደቂቃ ተኛ። ካፌይኑ ሥራ የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ እንቅልፍህን አይከለክልህም፤ ስትነሳ ሁለቱም ይደርሱልሃል። ከ20 ደቂቃ አታሳልፍ፤ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ገብተህ ብትነሳ ይብስሃል። ይሄ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ አይተካም።

የአስኮው ሹፌር | ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2፡05

አንድ ሳምንት ሞከርኩት። ተራ አስከባሪውም አውቆ ከኋላ ያሰልፈኛል። ለሚስቴ ነገርኳት፤ ሒሳቡን ጠዋት እንዳስረክብ ከባለ ንብረቱ ጋር ተነጋግረን አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እተኛለሁ።

ዛሬ ጠዋት ረዳቴ አዛጋ። እናትዮዋ አዛጋች፤ እንደ ወትሮዋ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ። እኔም አዛጋሁ። ልጁ ሦስታችንንም በየተራ አየን። ከዚያ ትንሿን መዳፉን አንስቶ አፉ ላይ አደረገ፣ ትንሽ ያዘ፣ አወረደ። አፉን አልከፈተም፤ ያዛጋ መስሎታል። እናቱን ዕድሜውን ጠየቅኳት። ለጥር አራት ይሞላዋል አለችኝ።